ስታርተር ነው አለ አባቴ

ሌላው ሰው በልጅነቱ መስኮት ይሰብራል፣ የወንድሙን ጥርስ ያወልቃል። እኔ ስምንት ዓመቴ ላይ እመቤታችንን ለምኜ አንዲት ኮሮላ ከነሙሉ ነዳጇ አስቁሜያለሁ፤ በዚያውም እናቴን ከነርስነት አስቀርቻታለሁ። እንዲህ ብዬ አምኜ ነው ያደግሁት። ከአባቴ በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አባቴም ምስጢር ጠባቂ ሰው ነው፣ ትንፍሽ አላለም ብዬ እኮራበት ነበር።

ያኔ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ፎረስት ሎን በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ አሮጌ ቤት ቤዝመንት ነበር የምንኖረው። መስኮታችን ከመሬት እኩል ስለሆነ በደጅ የሚያልፈውን ሰው የማውቀው በጫማው ነው። ከላያችን ጋሼ ሃይልኣብ ይኖሩ ነበር። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ መካኒክነት የተማሩ፣ እዚህም የትምህርት ቤት አውቶቡሶች የሚጠግኑ ሰው ናቸው። የእሳቸው ጫማ ዘይት የጠጣ ትልቅ ቡትስ ነበር፤ መቶ ጫማ መሃል እለየዋለሁ።

እናቴ አፀደ ደሴ ላይ ዘጠኝ ዓመት ነርስ ነበረች። ካልጋሪ ስትመጣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ወለል ጠራጊ ሆነች። ነርሶቹ የአንዱ ሽማግሌ ደም ሥር ሲጠፋባቸው መወልወያዋን ተደግፋ ታያለች፤ ቤት ስትገባ «እዚህ ጋ ነበር እኮ» እያለች በራሷ ክንድ ላይ ለአባቴ ታሳየዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሺፍት መልስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስታጠና ቆይታ የፈቃድ ፈተናው ቀን ደረሰላት፤ ጥር ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከተማው ምዕራብ ጫፍ ላይ ባለ ሆቴል አዳራሽ። ፈተናውን ካለፈች መወልወያው ቀረ ማለት ነው።

አባቴ ገብረመድኅን አገር ቤት ርዕሰ መምህር ነበር። እዚህ ኤርፖርት አጠገብ ካለ መጋዘን ካርቶን ይጭናል። «ስንቱን ተማሪ ስቆጣ ኖሬ አሁን ካርቶን ይቆጣኛል» ሲል እኔ ቀልድ መስሎኝ በሳቅ እፈርስ ነበር። እሱ አብሮኝ መሳቅ አለመሳቁን አላስታውስም።

እሁድ እሁድ ከሰዓት፣ እናቴ ሥራ ላይ ስትሆን ጓደኛው ወልደየስ ይመጣል። እኔ ምንጣፉ ላይ ተኝቼ ሥዕል ቀለም እቀባለሁ። ትልልቅ ሰዎች ልጅ ቀለም ሲቀባ ጆሮ ያለው አይመስላቸውም።

«የሺጥላን አየኸው?» ይላል ወልደየስ። «ሚስቱን አስተማራት፣ ልጅ ጠበቀላት፣ ሺፍቱን ለሷ ብሎ ቀየረ። ላይሰንሷን ባገኘች በዓመቱ ቤቱን ጥላለት ሄደች።»

«አፀደ እንደሷ አይደለችም» ይላል አባቴ።

«እሷም እንደዚያ አልነበረችም እኮ። ብቻ እንጃ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል።»

ቆጥ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ የፍሪጃችን አናት መስሎኝ ነበር። ብብት ግን አውቃለሁ። እናቴ ፍሪጁ ላይ ያለ ነገር ለማውረድ ክንዷን ስትዘረጋ እኔ ከብብቷ ሾልኬ ወለሉ ላይ ስወድቅ ታየኝ። ነርስ የሆነች እናት ትሄዳለች ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ትምህርት አላስፈለገኝም።

ስለት የተማርኩት ከቤተ ክርስቲያን ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንዷ ትነሳና «ይህን ብታደርጊልኝ ብዬ ጥላ ተስዬ ነበር፣ አደረገችልኝ» ትላለች፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ባለ ወርቅ ዘርፉ ጥላ ወደ ውስጥ ይገባል። ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤት መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና ተሳልኩ። «እማዬ የምትሄድበትን መኪና ካቆምሽልኝ ጃንጥላዬን እሰጥሻለሁ» አልኳት። ጃንጥላዬ አረንጓዴ ነው፤ አናቱ ላይ ሁለት የእንቁራሪት ዓይኖች አሉት። ከእሱ የሚበልጥ ንብረት በዓለም ላይ አልነበረኝም።

ዓርብ አመሻሹ ላይ አባቴ የሞተሩን ማሞቂያ ልሰካ ብሎ ወጣ። በክረምት የዚህ አገር መኪና እንደ ስልክ ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ያድራል፤ ካልሆነ ይደርቃል። ገመድ መሰካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እሱ ግን ቆየ፤ ጫማውን በመስኮቱ ሳየው ከመኪናው አፍንጫ ፊት ለፊት ቆሟል። ሲመለስ እጁን በዕቃ ሳሙና አጥቦ ሲንኩ ላይ ጥቁር ቀለበት ተወ፤ እናቴ ተቆጣችው። እኔ ደግሞ በዚያ ብርድ ለእሷ ብሎ ሲለፋ ትቆጣዋለች ብዬ አዘንኩለት።

በማግስቱ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነበር። እናቴ የተተኮሰ ሸሚዟን ለብሳ፣ ወረቀቶቿን በፕላስቲክ ይዛ ፊት ተቀመጠች። መንጃ ፈቃድ ገና አልነበራትም፤ የሚያደርሳት አባቴ ነው። እኔ ካልሄድኩ ብዬ አልቅሼ ከኋላ ተቀምጫለሁ። አባቴ ቁልፉን አዞረው።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

ከመሪው ፊት ያሉት ትንንሽ መብራቶች ከድምፁ ጋር እየተንቀጠቀጡ ደበዘዙ። እንደገና አዞረው። ያው ነው፤ ፈጣን፣ ጥርስ እንደሚያንገጫግጭ ሰው። እመቤታችን ሰምታኛለች። ደስታ ነው የመጣብኝ፤ አልዋሽም።

«ምን ሆነ?» አለች እናቴ።

«ስታርተር ነው» አለ አባቴ። ሞተር የሚያስነሳው ክፍል ተበላሸ ማለቱ ነው፤ ኮፈኑን ሳይከፍት፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።

ጋሼ ሃይልኣብ ድምፁን ሰምተው በሸበጥና በካፖርት ወጡ። መስኮቱን አንኳኩ። «የኔን መኪና ልጄ ይዛው ሄዳለች እንጂ አደርሳት ነበር። ኬብል አለኝ፤ ያ ነጩ ጎረቤት ፒክአፕ አለው፣ ከእሱ ባትሪ ቡስት እናድርጋት።»

«ቡስት አይጠቅማትም ጋሼ። ስታርተሩ ነው የሞተው።»

«እስቲ ኮፈኑን ክፈተውና ልየው።»

«በከንቱ እጅዎን አያቀዝቅዙት። ስታርተር ነው አልኩ እኮ።»

ጋሼ ሃይልኣብ አባቴን አዩት፣ ከዚያ የተዘጋውን ኮፈን አዩ። አባቴ እንደ እሳቸው ያለ መካኒክን ስለ መኪና ሲያርም ሳይ እንዴት ያለ አዋቂ አባት አለኝ አልኩ። እናቴ ታክሲ ደወለች፤ በዚህ ብርድ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ትጠብቂያለሽ አሏት። ወረቀቷን ደረቷ ላይ አድርጋ በበረዶው ላይ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሮጠች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ልትወድቅ ነበር።

ደስታዬ እዚያው ሞተ። ቤት እንደገባን ወጥ ቤት መሃል ቆሜ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ሲያባብለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ፍሪጁን፣ ብብቱን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ጃንጥላውን። «እኔ ነኝ ያቆምኳት፣ አባዬ» አልኩት።

በርከክ አለና ሁለት ጉንጮቼን ያዘ።

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ታዝንብሻለች። ምስጢራችን ይሁን፤ እሺ?»

ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ፍቅር ነው ብዬ ለሃያ ሁለት ዓመት ይዤው ዞርኩ። ዛሬ ስሙን አውቀዋለሁ፤ እፎይታ ነው።

እናቴ ረፋዱ ላይ ተመለሰች። ሃያ ደቂቃ አርፍዳ ደርሳ በሩ ተዘግቶባት ነበር። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ስድስት ወር ቆይቶ ሌላ ዙር እንዳለ ነገረችን። አባቴ «አይዞሽ» አላትና የስታርተር ዋጋ ልጠይቅ ብሎ ከወልደየስ ጋር ወጣ።

እሱ እንደወጣ እናቴ ወደ ላይ ወጥታ መኪናውን እንዲያዩላት ጋሼ ሃይልኣብን ለመነቻቸው። በመስኮቱ የዘይት ቡትሱና የእሷ ጥቁር ጫማ መኪናው ፊት ቆሙ። ኮፈኑ ሲከፈት ሰማሁ። ብዙም አልቆየም፤ ሞተሩ ተነሳ። እመቤታችን ስለቴን ሰምታ፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ መኪናዋን ለቀቀቻት ማለት ነው፤ ሒሳቡ ገባኝ። ያልገባኝ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሁለቱ ጫማዎች ፊት ለፊት ቆመው ሳይንቀሳቀሱ መቆየታቸው ነበር።

ማምሻውን በር ዘግተው ተነጋገሩ። ጆሮዬን ለጠፍኩ። «ጋሼ ሃይልኣብ አይተውታል» ትላለች። የቀረው አይሰማም። «አንተ ነህ?» ትላለች ደግሞ። አባቴ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ዮርዲ ትሙት! እኔ አልነካሁትም።»

ዮርዲ እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ሰው በሚወደው ይምላል፤ በኔ ሲምል ልቤ ሞላ። እኔን ላለማጋለጥ ብሎ ነው አልኩ፤ ምስጢራችንን እየጠበቀ ነው። አንድ ሰው በልጁ ሞት የሐሰት መማል ይችላል ብሎ ማሰብ ለስምንት ዓመት ልጅ ከባድ ነው፤ ለሠላሳ ዓመቷም ቀላል አልሆነላትም።

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እሱ ነው ብዙ ያወራው። እናቴ ወደ ክፍሌ ስትገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሬን ለረጅም ጊዜ ዳበሰችኝ። «እኔ የትም አልሄድም» አለች። «አንቺን ጥዬ የትም አልሄድም፤ ሰማሽ?»

በማግስቱ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝና ስለቴን አስገባልኝ። ዲያቆኑ የእንቁራሪት ዓይን ያለው ጥላ ተቀብሎ አያውቅም መሰለኝ፣ ከንፈሩን ነክሶ ተቀበለኝ። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ትከሻዬን ይዞኝ ነበር።

ስድስቱ ወር አለፈ፤ እናቴ አልተመዘገበችም። መጻሕፍቷ አልጋ ሥር ገቡ። ሃያ አራት ዓመት ጠርጋ ባለፈው ዓመት በጉልበቷ ምክንያት ጡረታ ወጣች። ነርስ የሆንኩት እኔ ነኝ። ወድጄው አይደለም፤ ካሳ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስለት መኪና አያቆምም፣ ብርዱ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬ ነበር። ግን አባቴ ራሱ፣ ያ ሁሉ ትምህርት ያለው ሰው፣ አምኖኝ ስለቴን አስገብቶልኝ የለ? ጥፋቱ የኔ ባይሆን ይነግረኝ አልነበር?

ባለፈው ሳምንት አሥራ ሰባተኛው ጎዳና ላይ ምሳ በልቼ ስወጣ መኪናዬ ጠቅ ጠቅ አለ። ጋሼ ሃይልኣብ ጋ ደወልኩ። ሰባ አምስት አልፏቸዋል፣ ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር ልጃቸው ቤት ነው ያሉት፤ የመኪና ነገር ግን አሁንም ወጣት ያደርጋቸዋል።

«ስልኩን አስጠጊውና ቁልፉን አዙሪ» አሉኝ። አዞርኩ።

«እህ። ፈጣን ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ይደክማል ወይስ ደህና ነው?»

«ይንቀጠቀጣል፣ ይደክማል።»

«በይ ጠብቂኝ። ባትሪ ነው ወይ የባትሪው ጫፍ ላልቷል። ስታርተር ሲሞትማ አንዴ ብቻ ጠቅ ይላል፤ መብራቱም አይነካም።»

ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ፈጣን። መብራቱ የሚንቀጠቀጥ። ከኋላ ወንበር ያየሁት መብራት አሁን እንደማየው ሆኖ መጣብኝ። ስታርተር ነው፣ ኮፈኑን ሳይከፍት።

መጥተው ኮፈኑን ከፈቱ፤ የባትሪው ጫፍ በነጭ ዝገት ተበልቷል። እያጸዱት ሳለ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ያኔ የኛ ኮሮላ ምን ሆና ነበር?»

ቀና አላሉም። «እሱን ተይው፣ የኔ ልጅ።»

«በኔ ስለት ነው የቆመችው» አልኳቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ወጣ። ሳወራላቸው እጃቸው ቀስ እያለ ቆመ። ጓንታቸውን አወለቁ።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ? የኔ ልጅ፣ ማርያም አሥር ቁጥር መፍቻ አትይዝም።» ከኪሳቸው ሶፍት አውጥተው ሰጡኝ። «የባትሪው ጫፍ ብሎን ተፈትቶ ገመዱ ላዩ ላይ እንዲሁ ተቀምጦ ነበር። ዓመት ሙሉ ዝጎ የኖረ ብሎን ነው፤ እኔ ራሴ ስመልሰው ታግሎኛል። የልጅ እጅ ንቅንቅ አያደርገውም። ለእናትሽ ‹በራሱ አይፈታም፣ ሰው ነው› አልኳት። ከዚያ በላይ ምን ልበል? በባልና ሚስት መሃል አይገባም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።»

«እና እማዬ ታውቃለች?»

«አብራው ስትኖር አውቃ ይቅር ያለችው መስሎኝ ነበር።»

እኔም እንደዚያው መሰለኝ። ወላጆቼ ወደሚኖሩበት ወደ ሳቫና ሰፈር ስነዳ እንባዬ ንዴት ነበር። ያን ዓርብ መኪናው ፊት የቆመውን ጫማ አሰብኩ፤ ሲንኩ ላይ የቀረውን ጥቁር ቀለበት አሰብኩ። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ። «አንቺ አይደለሽም» ቢለኝ በቃ። ያን ቃል ለልጁ ነፍጎ ስለት ሊያስገባ ወሰደኝ፤ ትከሻዬን ይዞ ከኋላዬ ቆመ። እሷም አውቃ ዝም አለች ብዬ በእናቴም ላይ ተቆጣሁ።

አባቴ ሳሎን ዜና ያያል። እናቴ ወጥ ቤት ቆማ ከማድረቂያ የወጣ ፎጣ ታጥፋለች። ሰላም ሳልላት ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ የኮሮላውን ባትሪ ማን ነው የፈታው?»

ማጠፏን አላቆመችም። ፈገግ እንደማለት አለች። «ምን አስታወሰሽ ዛሬ? ተይው፣ ልጅ ነበርሽ።»

«ልጅ ነበርሽ ማለት?»

«አባትሽ ያን ዕለት ማታ ነግሮኛል። ስለት መሳልሽን፣ እሱ አልበቃ ብሎሽ መፍቻ ይዘሽ መውጣትሽን። ‹እናቴ ትሄድብኛለች ብላ ነው፣ እንዳትቆጪያት፣ እንዳወቅሽም አትንገሪያት፣ ያሳፍራታል› አለኝ። አንድ ቀን ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?» ፎጣውን በእጇ መዳፍ አለሰለሰችው። «ልጄ እንደዚያ እስክትፈራ ድረስ ነርስነቱ ለማን ይሆናል ብዬ ነው የተውኩት። ቆጭቶኝ አያውቅም አልልሽም። አንቺን ግን አልተቀየምኩሽም።»

ያን ማታ ፀጉሬን የዳበሰችው እጅ ይቅርታ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሳመችኝ፣ ያጎረሰችኝ፣ ነርስ ሆኜ ስመረቅ አቅፋኝ ያለቀሰችው፣ ሁሉም ውስጥ ይቅርታ ነበረበት፤ ላልሠራሁት ነገር። ኑዛዜዬን ከአፌ ወስዶ በዚያው ቀን ሸጦኛል። ለኔ ማርያም ናት አለኝ፤ ለእሷ ልጅቷ ናት አላት፤ ሁለታችንንም ዝም በሉ አለን፤ እኛም ለእሱ ሳይሆን እርስ በርሳችን ተዛዝነን ዝም አልን።

«እማዬ፣ እኔ አልፈታሁትም» አልኳት። «እኔ ለመንኩ እንጂ እጄ አልነካውም። መፍቻው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አላውቅም ነበር።»

አየችኝ። ነርስ በሽተኛን እንደምታይ፣ ሳትቸኩል ነው ያየችኝ። ከዚያ ፎጣውን አስቀምጣ ወደ ሳሎን ሄደች፤ ተከተልኳት። በጉልበቷ ምክንያት ቀስ ብላ ነው የምትሄደው።

«ገብረመድኅን» አለችው። «የኮሮላውን ባትሪ ማን ነው የፈታው?»

አባቴ እሷን አላየም፤ እኔን አየ። ነጭ ፂሙን በጣቱ አሻሸ። የሚናገረውን ስጠብቅ፣ አምላኬ፣ እውነቱን ባንዴ ቢናገር ይቅር እለው ነበር።

«እሷ ነቻ» አለ። «ልጅ ነበረች፤ ረስታው ነው።»

ፊቴ ላይ ነው ያለው። ድምፁ እንኳ አልተሰበረም። እናቴ አንድ እርምጃ ጠጋ ብላ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች።

«እንደገና ልጠይቅህ» አለች።

ሪሞቱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «የሺጥላን አይቼ ፈራሁ» አለ በመጨረሻ።

እናቴ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እጄን ፈልጋ ያዘችኝ፤ መዳፏ ከፎጣው ገና ይሞቅ ነበር።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሷን ይቅር ስል ኖርኩ» አለችው። «አንተን ይቅር የምልበት ዕድሜ ከየት ላምጣ?»